የጀሶ ራስ፤ ከሉካ እስከ አይቮሪ ፓርክ

ያጠብኳት በለብ ያለ ውኃና በልብስ ሳሙና ነው። ክፋት አልነበረኝም። የሱቄ አከራይ ለልጅ ልጃቸው የሎቦላ ሽማግሌዎች ሊመጡባቸው ስለነበር ቤታቸውን እያጸዱ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ በዙሉኛ አያት ማለት ነው። እኔም ላግዛቸው ብዬ፣ ከቡፌው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ የከሰል ጢስ ያጠቆራትን የሴት ራስ አውርጄ «ይህቺን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። ሻሽ ያሰረች፣ ትልልቅ ሎቲ ያንጠለጠለች፣ ዓይኗን ወደ ጎን የጣለች ጥቁር ሴት ናት። ሸክላ መስላኝ ነበር። በብሩሽ ሁለት ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳላሻት የጉንጯ ቀለም ከአረፋው ጋር ወረደና የሳንቲም ስፋት ያህል ጠመኔ የመሰለ ንጣት ብቅ አለ።

ጎጎ ቀርበው አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ከውስጥ ነጭ ኖራለች እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ስንት ታወጣ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ጎጎ ከ1971 እስከ 1990 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኬምፕተን ፓርክ በአንድ ነጭ ቤተሰብ ቤት አብስለዋል፣ አጥበዋል፣ ልጆች አሳድገዋል። ቤተሰቡ አገር ለቆ ሲሄድ እመቤቲቱ ይህቺን ራስ ከግድግዳ አውርደው ሰጧቸው። ስንብት የሚባል ገንዘብ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን መሸፈን የጀመረው በ1994 መጀመሪያ ስለሆነ የሚጠየቅም የሚከሰስም አልነበረም። ስለዚህ ጎጎ «ስንት ታወጣ ነበር?» ሲሉ የጠየቁት የአንድ ጌጥ ዋጋ ብቻ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበታቸው በምን ተመን እንደተሰናበተ ነው የጠየቁት። ያን ተመን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አይቮሪ ፓርክ ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተሰሜን፣ ከሚድራንድና ከቴምቢሳ አጠገብ የሚገኝ ሎኬሽን ነው። እኛ እዚህ ያለን ሐበሾች የጥቁሮቹን ሰፈር «ሎኬሽን» የምንለው ቃሉን ከአገሬው ሰው ተቀብለን ነው፤ አገሬው ደግሞ ከዘር መድልዎው ዘመን ሹማምንት ወርሶታል። ሰፈሩ የተቆረቆረው በ1990ዎቹ መባቻ፣ አሌክሳንድራና ቴምቢሳ ከአፍ እስከ ገደፋቸው በሞሉበት ጊዜ ነው። ለሰው ቁራሽ መሬትና ውኃ ተሰጠው፤ ቤቱን ራሱ እንዲሠራ ተተወ፤ እሱም በቆርቆሮ ሠራ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ፣ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮበታል። ጎጎ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዷ ናቸው። አልጋቸውን፣ የጋዝ ምድጃቸውንና በብርድ ልብስ የተጠቀለለችውን ራስ ይዘው ነው የገቡት። የቆርቆሮው ቤት በጡብ እስኪተካ ድረስ የነበራቸው ብቸኛ ጌጥ እሷ ነበረች።

* * *

ጥፋቴን ለመረዳት መጀመሪያ የተሠራችበትን ነገር ማወቅ ነበረብኝ። ሸክላ እሳት ያየ አፈር ነው፤ አንዴ ከተተኮሰ ወደ ጭቃነት አይመለስም። ጀሶ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ካሰረው ውኃ ሦስት አራተኛውን ለቅቆ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ውኃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ሲደርቅ እንደ ጭቃ አይሸሽም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ያብጣል፤ በዚህም የፎርማውን መስመርና ሽብሽብ ሁሉ ይሞላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የተሰጠውን መልክ ሳያዛባ ይይዛል። አንድ ፊት ሺህ ጊዜ ለማባዛት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ለብዙ ዘመን አላገኘም።

ነገር ግን ጀሶ ውኃን አይረሳም። አንድ ሊትር ውኃ 2 ግራም ያህል ጀሶ ያሟሟል። ትንሽ ይመስላል፤ የአፍንጫ ጫፍንና የሽፋሽፍትን መስመር ለማደብዘዝ ግን ይበቃል። ልስላሴውም በጥፍር የሚጫር ዓይነት ነው። ቀለሙ የተቀባው ይህን ሁሉ ለመሸፈን ነው፤ ውኃ በአንዲት ስንጥቅ ሾልኮ ከሥር ከገባ ቀለሙን እንደ ቅርፊት ይገፈዋል። የጎጎ ራስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ቃሉን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። «ጀሶ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው «ጀሶ ታሰረለት» እንላለን። በርበሬው ወይም እንጀራው ሲጠረጠር «ጀሶ ቀላቅለውበታል» ይባላል። በዚህ ንግግር ውስጥ ጀሶ ሁልጊዜ የሌላ ነገር ምትክ ነው፤ ለአጥንት ድጋፍ፣ ለእህል ማጭበርበሪያ። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ቡፌ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት የሚቀመጠውን ፈረስ ወይም ውሻም የምናየው እንዲሁ ነው፤ እንግዳ ያደንቀዋል፣ ልጅ እንዳይነካው ይከለከላል፣ እናት ስታርፍ ግን የሚወርሰው አይገኝም።

ሆኖም ይኸው የተናቀ ነገር በታላላቅ ሥዕሎቻችን ሥርም አለ። የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን በእንጨት ገበታ ላይ ሲሥሉ ቀለሙን በቀጥታ በእንጨቱ ላይ አያኖሩትም ነበር። በብዙዎቹ ገበታዎች ላይ ከቀለሙ በታች ከሙጫ ጋር የተለወሰ ነጭ የጀሶ ልባስ ይገኛል። የእመቤታችን መጎናጸፊያ የሚያበራው ከሥሩ ያለው ንጣት ብርሃኑን መልሶ ስለሚልከው ነው። ጎጎ «ከውስጥ ነጭ ኖራለች እንዴ?» ያሉት ነገር በእኛም ሥዕሎች ላይ ይሠራል።

* * *

የጀሶ ምስልን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት ስደተኞች ናቸው። በመካከለኛው ጣልያን ቱስካኒ፣ ሉካ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ የሰርኪዮ ወንዝ የሚወርድበት ሸለቆ አለ። መሬቱ ተራራማ፣ እርሻው ጠባብ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በተለይም በ19ኛው፣ የባርጋ፣ የኮሬሊያና የባኒ ዲ ሉካ ወጣቶች ፎርማ በከረጢት ይዘው ወደ ዓለም ተበተኑ። ምስሉን አይሸከሙም፤ ይሰበራል። የሚሸከሙት ፎርማውን ነው። በደረሱበት ከተማ ጀሶ ይገዛሉ፣ ሌሊት ያፈሳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይቀባሉ። ጠዋት ምስሎቹን በሰፊ ጣውላ ላይ ደርድረው ጣውላውን በራሳቸው ተሸክመው በየመንገዱ ይጮሃሉ። ናፖሊዮን፣ ቅድስት ማርያም፣ ሼክስፒር፣ ድመት፣ በቀቀን፤ ሁሉም በአንድ ጣውላ ላይ። በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒውዮርክ የታወቁ ነበሩ፤ የዘመኑ ሠዓሊዎችም ጣውላቸውን በራሳቸው እንደተሸከሙ ሥለዋቸዋል።

አሠራራቸው በማኅበር ነበር። ፎርማውና ገንዘቡ ያለው አንድ አለቃ ከሸለቆው ታዳጊ ልጆችን ለተወሰነ ዓመት ይቀጥራል፤ መንገዱን ይከፍላል፣ በአንድ ክፍል አጭቆ ያሳድራቸዋል፣ ጠዋት ጣውላ አሸክሞ ይልካቸዋል። ከልጆቹ አንዳንዱ ተመልሶ ቤት ይሠራል፣ አንዳንዱ ራሱ አለቃ ይሆናል፣ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ጆሃንስበርግ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ትከሻዬ ላይ ጭኖ መዞር ነበር። ዕቃውን የሚሰጠኝ ከእኔ በፊት የገባ ያገሬ ልጅ ነው። መንገዴን ከፍሎልኛል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ለእሱ እሠራለሁ። እሱ ዕቃውን የሚያመጣው ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ከተሰየመው፣ እኛ ግን አሁንም ጄፒ ከምንለው ጎዳና ነው። ለደንበኛ በዱቤ እሰጣለሁ፤ በደብተር እጽፋለሁ፤ ወር ሲያልቅ ዞሬ እለቅማለሁ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአዲስ አበባ የመጣን ስንቶቻችን በዚህ መንገድ አልፈናል። ጎጎንም የተዋወቅኋቸው ባለ ነብር ሥዕል ብርድ ልብስ በሦስት ወር ክፍያ ሲገዙኝ ነው። ከእኔና ከሉካው ልጅ መካከል የሁለት መቶ ዓመት ርቀት አለ፤ ልዩነታችን ግን እሱ በራሱ፣ እኔ በትከሻዬ መሸከማችን ነው ማለት ይቻላል።

ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ትልቅ ደረጃ ደርሰዋል። በ1815 ባርጋ የተወለደው ዶሜኒኮ ብሩቺያኒ ለንደን ኮቨንት ጋርደን ውስጥ የጀሶ ሥራ ቤት ከፍቶ ለብሪቲሽ ሙዚየምና ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ለሚባለው ሙዚየም ቅጂ ያቀርብ ነበር። በ1866 በስፔን የሳንቲያጎ ካቴድራልን ታላቅ በር ሙሉውን በጀሶ ገልብጦ ለንደን አስገባ። ዛሬም ቪክቶሪያና አልበርት ውስጥ፣ በ1873 በተከፈተው የቅጂዎች አዳራሽ ቆሟል። ከዚያው ከባርጋ የሄደው ፒየትሮ ካፕሮኒ ደግሞ ከወንድሙ ጋር ቦስተን ውስጥ ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ሙዚየሞች የግሪክና የሮም ሐውልቶችን ቅጂ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋመ። ጣውላ ተሸክመው ለዞሩት ሌሎቹ መታሰቢያ የሚሆን ሙዚየም በ1975 በኮሬሊያ አንተልሚኔሊ ተከፍቷል፤ ስሙም የጀሶ ምስልና የስደት ሙዚየም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሰየማቸው ትክክል ይመስለኛል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ጥበብ ሊቃውንት በቅጂ ማፈር ጀመሩ። ብዙ ሙዚየሞች የጀሶ ስብስባቸውን ወደ ምድር ቤት አወረዱ፤ አንዳንዶቹም ሰባብረው ጣሉ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ታየ። ሮም ውስጥ የቆመው የትራያን ዓምድ በከተማው አየር እየተበላ ሲሄድ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወሰደው የጀሶ ቅጂው ግን በጣሪያ ሥር የቆየ በመሆኑ ከራሱ ከዕብነ በረዱ የጠፋ ዝርዝር ይዞ ተገኘ። ቅጂው የዋናው ምስክር ሆነ።

* * *

የጎጎ ራስ ግን የሙዚየም ቅጂ አይደለችም። እሷ የኋለኛው ዘመን ልጅ ናት፤ ጣውላ ተሸካሚው ቀርቶ ፋብሪካውና የዕቃ መደብሩ የመጡበት ዘመን። የጎማ ፎርማ ከመጣ ወዲህ ሻሽና ጆሮ፣ ጥምጥምና ጺም በአንድ ጊዜ ማውጣት ቀላል ሆነ። በእንግሊዝ ኮንግልተን ከተማ በ1946 የተቋቋመው የቦሰንስ ፋብሪካ እስከ ተዘጋበት እስከ 1996 ድረስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የጀሶ ራሶችን አምርቷል፤ መርከበኛው፣ ዐረቡ፣ ሕንዳዊው፣ እያንዳንዳቸው በእጅ የተቀቡ። ሌሎች ስም የለሽ ሥራ ቤቶችም ይህን ፈለግ ተከትለዋል። ከጦርነቱ በኋላ የነበረው ነጭ ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ «የሩቅ አገር ሰው» መስቀል ይወድ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ይህን ፍላጎት ከሁሉ በላይ የተረዳው ቭላዲሚር ትረቺኮፍ ነው። ከሩሲያ ተሰድዶ፣ በሻንግሃይና በጃቫ አልፎ በ1946 ኬፕታውን የገባ ሠዓሊ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሣላትን ፊቷ አረንጓዴ የሆነች ቻይናዊት ልጅ በኅትመት አባዝቶ በመደብር ሸጣት። የሥነ ጥበብ ተቺዎች ተሳለቁበት፤ ሕዝቡ ግን ገዛው። ዋናው ሥዕል በ2013 ለንደን ላይ በጨረታ ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ተሸጠ። ኅትመቶቹ ግን ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ፤ ሸፍኜው ማለፍ አልፈልግም። የጎጎ ራስ ጥቁር ሴት ናት፤ የተሠራችው ግን ለነጭ ሳሎን ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሴት ጌጥ ሆና ተሰቅላ ሳለ፣ በሕይወት ያለችው ጥቁር ሴት ከጓሮ ክፍል እየመጣች አቧራዋን ታራግፍላት ነበር። አንድ ወዳጄ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ያለ ዕቃ መጠበቅ ምን ይሠራል? ስድብ ነው እኮ!» አለኝ። ነገሩን ለጎጎ አነሳሁላቸው። ጎጎ ግን «እህቴን ትመስላለች» አሉኝ። እህታቸው በልጅነታቸው ሞታለች፤ ፎቶ የላትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቧራ ሲያራግፉላት የኖሩት እህታቸውን ነበር። ሠሪው ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ አብራት የኖረችው ሴት ያየችባት ሌላ ነው። የሠሪው ሐሳብ ታሪክ ነው፤ የጎጎም ሐሳብ ታሪክ ነው። ዕቃዋ ከጠፋች ሁለቱም ይጠፋሉ።

ቅጂን ተቀብሎ የራስ ማድረግ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ይዘዋቸው ከመጡት መካከል ሮም በሚገኘው የታላቋ ማርያም ባሲሊካ ያለችው የድንግል ማርያም ሥዕል ቅጂዎች ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ በአፄ ፋሲል ዘመን ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። ሠዓሊዎቻችን እጆቿን አጣምራ፣ በእጇ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ የምትታየውን ማርያም ደጋግመው ሣሉ፤ ዓይኗን አሰፉት፣ ቀለሟን ለወጡት፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን በግራና በቀኝ አቆሙላት። ዛሬ በየቤታችን ያለችውን ያችን ሥዕል «የባዕድ ቅጂ» የሚላት የለም። ብዙ ትውልድ ጸልዮባታልና የእኛ ናት።

* * *

ወደ ጎጎ ጥያቄ ልመለስ። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃቸው ያለ አንባቢዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ዋጋ ለማወቅ ምን ምን እንዳየሁ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚታየው ከምን እንደተሠራ ነው። ጀሶ ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል፤ ቀስ ብለው በጣት ሲቆረቁሩት ድምፁ የታፈነ ነው። ሸክላ ይጮሃል፤ ዛሬ በብዛት የሚመጣው የሬዚን ፕላስቲክ ቅጂ ደግሞ ሞቅ ያለና ቀለል ያለ ነው። ጀሶ ጠርዙ በተሸረፈበት ቦታ ዱቄታም ንጣት ያሳያል። ሁለተኛ ጀርባዋ ይታያል። እንደ ቦሰንስ ያሉት ስማቸውንና የመብት ማስጠበቂያ ጽሑፋቸውን በጀሶው ላይ ታትሞ ይተዉታል። የጎጎ ራስ ጀርባ ግን ከአንድ በእጅ ከተጫረ ቁጥርና ጀሶው ሳይደርቅ ከተቀበረ የሽቦ ቀለበት በቀር ምንም የለበትም። ሠሪዋ አይታወቅም ማለት ነው።

ሦስተኛው የመልኳ ጥራት ነው። ፎርማ ሲደጋገም ይደክማል። ቀድሞ የፈሰሰው ምስል የቅንድብ መስመሩ ስለታም ነው፤ በኋላ የፈሰሰው ይደበዝዛል። አራተኛውና ለገዢ ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ቀለም ነው። ያረጀም፣ የተሰነጠቀም ቢሆን ፋብሪካው የቀባው ቀለም ካለ ዋጋ አለው፤ በቤት ቀለም የታደሰ ግን፣ ምንም ቢያምር፣ ዋጋው ይወርዳል። ወርቃማ የነበረው ክፍል ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢዞር አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ የነሐስ ዱቄት ስለሆነ ነው፤ ዕድሜውንም ይመሰክራል። አምስተኛው የዕቃው የኑሮ ታሪክ ነው፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ፣ መቼ፣ እንዴት። ሰነድ ካለ ሁሉም ነገር ይለወጣል።

ፎቶዋን ይዤ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሄድኩ። ስልኬን አየት አደረገና አንድ ዋጋ ጠራ፤ ጎጎ ከገዙኝ ብርድ ልብስ ያንሳል። ጉንጯ ባይላጥስ ኖሮ አልኩት። «ምናልባት አንድ ብርድ ልብስ ትሆን ነበር» አለኝ። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በሺህ ተመርተዋል። ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ፣ ብርቅ የሆነ ቅርጽ ያለውና ቀለሙ ያልተነካ ካልሆነ በቀር ገበያው ብዙ አይከፍልባቸውም። ገንዘብ ፍለጋ ብቻ ከሆነ ተስፋ አታድርጉ፤ እኔ ግን ባይታጠቡ ይሻላል ለማለት ነው የጻፍኩት።

አያያዙ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው እጅን መሰብሰብ ነው። ውኃ፣ ሳሙናና የጽዳት ፈሳሽ ይቅር። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ማራገፍ ይበቃል። ጥላሸት ቢኖርበት፣ የማይታየውን ጥግ ሳትሞክሩ ፊቱን አትንኩ፤ ቀለም ከተነሳ ተዉት። ምድጃ በላይና መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ፣ የጆሃንስበርግ ክረምት ጠዋት ጣሪያው ሲያልበው የሚንጠባጠበው ውኃ ጠላቱ መሆኑን እወቁ፤ ከውጭ ግድግዳም አርቁት። በውስጡ ሽቦ ስላለ፣ እርጥበት ሽቦውን ያዝገዋል፤ ዝገቱም አብጦ ጀሶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስታነሱት በሎቲው ወይም በአንገቱ ሳይሆን ከሥር በሁለት እጅ ያዙት። ቢሰበር ስብርባሪውን፣ ዱቄት የመሰለውን ጭምር፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ወደፊት ሊፈታ የሚችል ማጣበቂያ ነው፤ በሱቅ ሙጫ የተጣበቀን ግን ለመፍታት ይቸገራሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ልጆችም ቅርፊቱን እንዳይነኩ ጠብቁ።

ቀለም ልቀባላት ብዬ ጎጎን ጠይቄያቸው ነበር። አንድ ጠርሙስ ቡናማ ቀለም ገዝቼም ይዤ ሄጄ ነበር። ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ግን ጠርሙሱን ሳልከፍት መለስኩት፤ ነጋዴው የነገረኝንም ዋጋ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «አንድ ብርድ ልብስ» አሉ በመጨረሻ፤ «እመቤቲቱም ይህን ያውቁ ነበር ማለት ነው።» የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ ሉካ ልጆች ግን ነገርኳቸው፤ ጣውላ በራሳቸው ተሸክመው በባዕድ ከተማ ስለሚጮሁት። «እንደ አንተ» አሉኝ። «አዎ ጎጎ፣ እንደ እኔ» አልኳቸው።

ከዚያ የነገርኳቸው ስለ አምስተኛው ነገር፣ ስለ ሰነድ ነው። «ታሪኳ ካልተጻፈ ነገ ልጆቹ አሮጌ ጀሶ ብለው ይጥሏታል» አልኳቸው። ተነስተው ከቡፌው መሳቢያ ወረቀት አወጡና «ጻፍ፣ ምንታናሚ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። የገቡበትን ዓመት፣ የወጡበትን ዓመት፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን በራንድ፣ የመጨረሻውን በራንድ፣ ያሳደጓቸውን የሦስት ልጆች ስም፣ በ1990 የትኛው ወር ላይ ይህቺ ራስ እንደተሰጠቻቸው፣ እህታቸውን እንደምትመስል። የተላጠው ጉንጭ የማን ጥፋት እንደሆነም ጻፍኩ። ፈረሙበት። ሙጫ ጀሶውን ስለሚጎዳ ወረቀቱን አልለጠፍንበትም፤ በፖስታ አድርገን ከጀርባዋ፣ በሽቦው ላይ በክር አሰርነው።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሲመጡ ራሷ ከቡፌው በላይ በቦታዋ ነበረች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ንጣት ከሩቅ ይታያል። ከእንግዶቹ አንዱ ምን ሆና እንደሆነ ሲጠይቅ ጎጎ ወደ እኔ አመለከቱና «ከጀርባዋ ተጽፏል፤ አውርደህ አንብብ» አሉት።